ጎማውን የሚበላው ማን ነው? የጎጃም መስመር ከባድ መኪናዎችና ያልተነበበው ምልክት

አዲስ አበባ፦ ከጎጃም እህል ጭኖ የሚመጣ ባለተሳቢ መኪና ከሱሉልታ ሜዳ ተነሥቶ የእንጦጦን ተረተር ሲሻገር አዲስ አበባ የምትቀበለው በጉለሌ በኩል ነው። ወደ አዲሱ ገበያ የሚወስደውን ቁልቁለት ከመያዙ በፊት ከደጀን አፋፍ ወደ አባይ ሸለቆ ከ1 ሺህ 300 ሜትር በላይ ወርዷል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ወጥቷል፤ የሰላሌን ብርድ አቋርጧል። በረሃው ውስጥ የጋለው ጎማ ጉለሌ ሲደርስ በእንጦጦ ነፋስ ይቀዘቅዛል። በጉዞው ሁሉ መሪውን ሲነቀንቅ የነበረው ንዝረትም የሚታወሰው ያኔ፣ አሽከርካሪው ከጋቢና ወርዶ መኪናውን ሲዞር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ልማድ የታወቀ ነው። ጎማው በአንድ ወገን ተበልቶ ከተገኘ ጎሚስታ ይጠራል፤ የተበላው ጎማ ወልቆ ወደ ተሳቢው ይዛወራል፤ በቦታው ሌላ ይገባል፤ ጉዞው ይቀጥላል። ጎማውን የበላው ነገር ግን አልወለቀም። ያለቀው ኩሽኔታ፣ የላላው ቴስቲኒ፣ የተንሻፈፈው አክስል ወይም የአየሩ ጉድለት እዚያው አለና አዲሱንም ጎማ በዚያው ወገን፣ በዚያው መልክ ይበላዋል። ወደ ተሳቢው የተዛወረው ደግሞ የታሪኩን ምልክት ይዞ ስለሚሄድ፣ ቀጥሎ የሚያየው ሰው ጥፋቱን ከተሳቢው ላይ ይፈልጋል።

ይህ አሠራር ጎማ በቀላሉ በሚገኝበት ዘመንም ኪሳራ ነበር። ዛሬ ኪሳራው በርክቷል። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22/2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ጎማ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ነው። ሦስት አክስል ያለው ጎታች 10 ጎማ፣ ሦስት አክስል ያለው ተሳቢ 12 ጎማ ይሸከማል፤ በጠቅላላው 22። በተለምዶ "400 ኩንታል" የሚባለው ጭነት የሚያርፈው በእነዚህ ላይ ሲኾን፣ የአንዳቸው ዕድሜ ባጠረ ቁጥር ልዩነቱ ወደ ማጓጓዣ ዋጋ ይገባል። የማጓጓዣ ዋጋ የሚታሰበው ደግሞ በሁለት በኩል ነው፤ ጤፉን በማሳው አጠገብ በሚሸጠው አርሶ አደር እና በእህል በረንዳ በሚገዛው ሸማች። በምሥራቅ ጎጃም ወፍጮ ቤትና በጉለሌ ወጥ ቤት መካከል ያለው ልዩነት በከፊል በእነዚህ ጥቁር ጎማዎች ላይ ይሽከረከራል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ጎማ የደረሰበትን ሁሉ ጥርሱ ላይ ይጽፋል። ግራና ቀኝ ጠርዙ አልቆ መሐሉ ከቀረ አየር አንሶታል። መሐሉ አልቆ ጠርዞቹ ከቀሩ ለተሸከመው ጭነት አየር በዝቶበታል። በአንድ ጠርዝ ብቻ ለስልሶ ያለቀ የፊት ጎማ ቀጥ ብሎ አለመቆሙን፣ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉን ያሳያል። መዳፍን ከውጭ ወደ ውስጥ ሲያስኬዱት ለስላሳ፣ ሲመልሱት ግን እንደ ማጭድ ጥርስ የሚይዝ ከኾነ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ወደፊት አይመለከቱም ማለት ነው፤ አንዱ ወይም ሁለቱም ወደ ጎን እያዩ ይጎተታሉ። ዙሪያውን እየጎደጎደና እየጎበጠ የሚሄድ ጎማ መሬቱን እየዘለለ ይረግጣል፤ ይህም ባላንስ ማጣትን፣ የሞተ አሞርዛቶርን ወይም የላላ ኩሽኔታን ይጠቁማል። በአንድ ቦታ ብቻ የተላጠ ከኾነ ፍሬን ይዞት ሳይሽከረከር ተንሸራቷል። (መዳፍ የሚዳሰሰው ግን መኪናው ቆሞ፣ በድንጋይ ሳይኾን በትክክለኛ ታኮ ተደግፎ፣ በጓንት ነው። ያለቀ ጎማ የሚያወጣው ሽቦ እጅ ይቀዳል።)

ይህን ንባብ ለማወቅ የሚጠይቀው ትዕግሥት እንጂ መሣሪያ አይደለም። የሚከብደው ከምልክቱ ወደ መንሥኤው መድረስ ነው። በጎጃም መስመር ላይ በጣም ከሚጎዱት መንሥኤዎች መካከል ቀዳሚው የአየር ልክ ስለኾነ፣ ከእርሱ መጀመር ይገባል።

የከባድ መኪና ጎማ በብዙ ሁኔታ 8 ባር ገደማ አየር ይሞላል፤ ትክክለኛው ልክ በጎማው ጎን ላይና በአምራቹ ሠንጠረዥ ላይ ከጭነቱ ጋር ተጽፏል። ይህ ልክ የቀዝቃዛ ጎማ ልክ ነው። በጉለሌ ማለዳ፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲኾን በ8 ባር የተሞላ ጎማ፣ አባይ በረሃ ውስጥ በጭነትና በመታጠፍ ብዛት 60 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ ወደ 9 ነጥብ 5 ባር ያድጋል። ይህ ጤናማ ነው፤ የጎማ ሠሪዎች ጭማሪውን አስቀድመው አስበውታል። ስሕተቱ የሚመጣው ረዳቱ በድልድዩ አካባቢ ጎማውን በእግሩ መትቶ፣ "ሞልቷል፣ ሊፈነዳ ነው" ብሎ አየር ሲያስተነፍስ ነው። በበረሃው ውስጥ ወደ 8 ባር የወረደ ጎማ በማግስቱ ጠዋት በደጋው ብርድ ሲለካ 6 ነጥብ 7 ባር አካባቢ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ዑደት ራሱን ይመግባል፦ አየር ያነሰው ጎማ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ይበልጥ የታጠፈው ይበልጥ ይግላል፣ የጋለው ደግሞ "ሞልቷል" ተብሎ እንደገና ይተነፍሳል። በመጨረሻ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ አየር የበዛበት ጎማ ሳይኾን በእንዲህ ያለ መንገድ አየር እያነሰው ጎኑ የተቃጠለ ጎማ ነው። የሞቀ ጎማ አየር አይቀነስለትም። ከልክ በላይ ከጋለ መፍትሔው መቆም፣ ጥላ መፈለግና መንሥኤውን ማየት ነው።

ጎማን በእግር ወይም በብረት መትቶ መፈተሽ ለዘመናት የቆየ ብልኀት ነው፤ ፈጽሞ የተነፈሰውን ይለያል። 8 ባርን ከ6 ነጥብ 7 ባር ግን አይለይም። የሚለየው የአየር መለኪያ ብቻ ነው፤ እርሱም ከአንድ ጎማ ዋጋ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል ወጪ የለውም።

ሁለተኛው መንሥኤ ጥንድ ጎማዎችን ያለ መጠን ማጣመር ነው። የኋላ አክስል በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት ጎማ ይሸከማል። ከጥንዱ አንዱ ሲፈነዳ፣ ከዋጋው ውድነት የተነሣ አንድ አዲስ ብቻ ተገዝቶ ካለቀው ጓደኛው ጋር ይጣመራል። ገበሬ ያውቀዋል፤ አንድ ቁመተ ረዥምና አንድ አጭር በሬ በአንድ ቀንበር ሲጠመዱ ቀንበሩ ይዘማል፣ አንዱ ይሸከማል፣ ሌላው ይጎተታል፣ የሁለቱም ጫንቃ ይቆስላል። በጎማ ላይ የሚኾነውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ጎማ አይጮኽም።

ቁጥሩ ጉዳዩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። በብዙ ሲኖትራኮች ላይ የሚታየው 12.00R20 የተባለው ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 3 ነጥብ 5 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር 285 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ከጥንዱ አንዱ የጥርሱ ጥልቀት በ6 ሚሊ ሜትር ቢያንስ ስፋቱ በ12 ሚሊ ሜትር፣ ዙሪያው ደግሞ ወደ 38 ሚሊ ሜትር በሚጠጋ ያጥራል። ሁለቱ በአንድ ሞዞ ላይ ስለታሠሩ እኩል መዞር ግድ ነው። ስለዚህ በየኪሎ ሜትሩ 10 ሜትር ያህል አስፋልቱን እየፋቁ መንሸራተትን ይካፈላሉ። ከጉለሌ እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው ወደ 300 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ ይህ 3 ኪሎ ሜትር ይኾናል። ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ ሦስት ኪሎ ሜትር ጎማ ታሥሮ እንደመጎተት ማለት ነው፤ በአንድ ጉዞ። በዓለም የጎማ አገልግሎት ዘርፍ የተለመደው መመሪያ በጥንድ ጎማዎች መካከል ያለው የስፋት ልዩነት ከ6 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። ያን ያህሉን በሜትርና በኖራ ምልክት መለካት ይቻላል፤ ሁለቱ ጎማዎች እኩል አየር ሞልተው ዙሪያቸው በክር ቢለካ ልዩነቱ ከ19 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም።

እዚህ ላይ የታደሰ ጎማ ጉዳይ መነሣቱ አይቀርም። ላዩ እንደገና የተለበሰ ጎማ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የጭነት ድርጅቶችም በተሳቢና በኋላ አክስል ላይ ይጠቀሙበታል። ችግር የሚኾነው ጎኑ የተቃጠለና ዕድሜው ያለፈ ጎማ ሲለበስ ወይም መጠኑ ካልተመሳሰለ ጓደኛ ጋር ሲታሠር ነው። የጎማ ዕድሜ በጎኑ ላይ በአራት አኃዝ ይነበባል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግራሉ። 2319 የሚል ካለ ጎማው የተሠራው በአውሮፓውያን 2019 ዓ.ም በ23ኛው ሳምንት ነው። ሻጩ "አዲስ ነው" ያለውን ጎማ ገዥው በዚህ ቁጥር ሊመረምረው ይችላል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የተረሳው የተሳቢው አክስል ነው። ጎታቹ ሞተር አለውና ሰው ይሰማዋል፤ ተሳቢው ግን ዝም ብሎ ይከተላል። በአባይ ሸለቆ መሬቱ በየጊዜው ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ይታጠፋል፣ ይሰነጠቃል። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም መገባደጃ ለአገልግሎት የበቃው የሕዳሴ ድልድይ የወንዙን መሻገሪያ አስተማማኝ ቢያደርገውም፣ ከድልድዩ ግራና ቀኝ ያለው የ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለትና ዳገት ግን ጠባዩን አልቀየረም። እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ባሌስትራን ከአክስል ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ይላላሉ፤ መሐለኛው የባሌስትራ ብሎን ይቆረጣል፤ አክስሉ በአንድ ጫፍ ጥቂት ወደፊት ይንሸራተታል።

"ጥቂት" የተባለው በሚሊ ሜትር ነው። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 2 ሜትር ቢኖርና አንዱ ጫፍ በ10 ሚሊ ሜትር ቢቀድም፣ አክስሉ በየኪሎ ሜትሩ 5 ሜትር ወደ ጎን መሄድ ይፈልጋል። ሌሎቹ አክስሎች ስለሚከለክሉት አይሄድም፤ ጎማው ግን በዚያ ልክ ይፋቃል። በ300 ኪሎ ሜትር ይህ 1 ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር ይኾናል። ጎታቹም ይህን ሁሉ ሲጎትት ነዳጅ ይጨምራል፤ አሽከርካሪው ደግሞ ተሳቢው ወደ አንድ ወገን ስለሚስበው መሪውን ዘወትር አጣሞ ይይዛል፤ በዚህም የጎታቹ የፊት ጎማ በአንድ ጠርዝ ይበላል። ጎሚስታው የፊት ጎማ ሲቀይር፣ መካኒኩ ቴስቲኒ ሲቀይር፣ ጥፋቱ 10 ሜትር ወደ ኋላ፣ በተሳቢው ስር ተቀምጧል።

ምርመራው ቀላል ነው። ርጥብ አስፋልት ወይም አቧራማ ሜዳ ላይ መኪናው በቀጥታ 50 ሜትር ያህል ቢሄድ የተሳቢው ኋላ ጎማ ፋና በጎታቹ ፋና ላይ መውደቅ አለበት። በጎን ከወጣ ተሳቢው ተንሻፏል። ቀጥሎ በተስተካከለ መሬት ላይ ከተሳቢው አካል መሐለኛ ነጥብ ተነሥቶ እስከ አክስሉ ግራ ጫፍና እስከ ቀኝ ጫፍ በሜትር ይለካል፤ ሁለቱ ልኮች ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ መለያየት የለባቸውም። የመስኖ ቦይ ቀያሽ ወይም ቤት ሠሪ አናጢ ማዕዘን የሚያወጣበት ዘዴ እንጂ የተለየ ጥበብ አይደለም።

ንዝረት ደግሞ ከየት እንደሚመጣ የሚታወቀው በሦስት ጥያቄ ነው፤ የት ይሰማል? በምን ፍጥነት ይጀምራል? ምን ሲደረግ ይቆማል? መሪው ላይ የሚሰማ ንዝረት ብዙ ጊዜ ከፊት ጎማዎች፣ ከወንበሩና ከወለሉ የሚሰማው ከኋላ አክስል ወይም ከትራንስሚሲዮን ይመነጫል። ፍጥነቱም ይናገራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ከላይ የተጠቀሰው ጎማ በሰከንድ ወደ 5 ጊዜ ይዞራል፤ እጅ ሊቆጥረው የሚችል ቀርፋፋ ንቅናቄ ነው። ትራንስሚሲዮኑ ግን በዚያው ፍጥነት በሰከንድ 20 ጊዜ አካባቢ ስለሚዞር የሚሰጠው ንዝረት እንደ ንብ ድምፅ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የተጠጋጋውን ከተራራቀው መለየት ብቻውን መካኒኩን ከግማሽ ቀን ድካም ያድነዋል።

በሜዳና በባዶ መንገድ ፍጥነቱን ይዞ ፍሪሲዮን ለአፍታ ቢረገጥ የሞተሩ ዙር ይወርዳል። ንዝረቱ አብሮ ከወረደ ከሞተሩ ወይም ከፍሪሲዮኑ ነው፤ ካልወረደ ከጎማ ወይም ከትራንስሚሲዮን ነው። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚመጣ ከኾነ ክሮቸራው መታየት አለበት። ይህ ሙከራ በቁልቁለት ላይ ፈጽሞ አይሞከርም። በደጀን፣ በጎሐ ጽዮንም ኾነ በእንጦጦ መውረጃ ማርሽ ከሞተር የተለየ 40 ቶን ሊይዘው የሚችለው ፍሬን ብቻ ነውና።

ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚመጣ ንዝረት የራሱ ታሪክ አለው። ከላይ እስከ ታች ፍሬን ተረግጦ የወረደ መኪና ታምቡሮው ይግላል። የጋለ ብረት በእኩል ካልቀዘቀዘ ክብነቱን ያጣል፤ ቦታ ቦታ ጠንክሮ ጥቁር ነጥብ ያወጣል። በመንገድ ዳር የጋለ ታምቡሮ ላይ ጀሪካን ውኃ መድፋት ይህንኑ ያፋጥነዋል፤ ስንጥቅም ያመጣል። ክብነቱን ያጣ ታምቡሮ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ይይዛል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይለቃል፤ ጎማውም በዚያው ነጥብ ይላጣል። ባለቤቱ የሚያየው የተላጠ ጎማ ነው። ጎማውን የሚያድነው ግን ከአፋፉ ሳይወርዱ ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ የሞተር ፍሬን መጠቀም ነው፤ እርሱም የሚጠይቀው ጊዜ ብቻ ነው።

ጊዜ ደግሞ ከሁሉም የሚያንሰው ነገር ነው። አሽከርካሪው በምልልስ ቁጥር የሚከፈለው ከኾነ መቆም ማለት ከራሱ ኪስ ማውጣት ነው። በአዲስ አበባ ከባድ ተሽከርካሪዎች የሚንቀሳቀሱበት ሰዓት የተገደበ በመኾኑ ወደ ከተማዋ የሚገባ መኪና ሰዓት ይጠብቃል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይጣደፋል። የሚገርመው፣ ጎማ ለመለካት ከዚህ የጥበቃ ሰዓት የተሻለ ጊዜ የለም። መኪናው ቆሟል፣ ጎማው ቀዝቅዟል፣ ረዳቱ ሥራ የለውም። ይህ ሰዓት ግን በአብዛኛው በእንቅልፍ ያልፋል። ሌሊቱን ያሽከረከረ ሰው መተኛቱ አያስወቅሰውም፤ የሚያስወቅሰው ለረዳቱ መለኪያ ሰጥቶ የሚያሠለጥን ባለቤት አለመኖሩ ነው። ረዳት በሀገራችን ጭነት የሚያሥር፣ ታኮ የሚያስገባ፣ አንዳንዴም የሚሰደብ ሠራተኛ ኾኖ ቆይቷል። የ22 ጎማዎች ጤና መዝገብ ያዥ ማድረግ ይቻል ነበር።

ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ክፍተቱን ይሞላዋል ብሎ መጠበቅም አይገባም። ቦሎ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የተንሻፈፈ አክስል አንድን ጎማ የሚጨርሰው በሳምንታት ነው። በምርመራው ዕለት ደህና ጎማ አስገጥሞ ማግስቱን የሚያወልቅ ባለንብረት የለም ብሎ የሚምል ሰውም አይገኝም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የከባድ መኪና የፊት ጎማ ጥርስ ከ3 ነጥብ 2 ሚሊ ሜትር፣ የሌሎቹ ከ1 ነጥብ 6 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ይደነግጋል፤ ከዚህ ይልቅ ትምህርት የሚኾነው ግን አሽከርካሪው ከመነሣቱ በፊት ተሽከርካሪው ለጉዞ ብቁ መኾኑን የማረጋገጥ ግዴታ ያለበት መኾኑ ነው። ሕጉ ጎማውን የሚያስነብበው ለመርማሪው ብቻ ሳይኾን በየቀኑ ለሚነዳው ሰው ነው።

ከልክ በላይ መጫን የእነዚህን ሁሉ ጥፋቶች ዋጋ ያበዛዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተካሄደው ሰፊ የመንገድ ሙከራ የተገኘው ውጤት፣ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከአክስሉ ክብደት ጋር በአራተኛ ርቢ እንደሚያድግ አሳይቷል። 10 ቶን ሊሸከም የሚገባው አክስል 12 ቶን ቢጫንበት ክብደቱ የጨመረው በአምስት አንድ ነው፤ በአስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ከእጥፍ ይበልጣል። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የክብደት መቆጣጠሪያ ጣቢያዎች የሚቆሙት ለዚህ ነው። የተጎዳው አስፋልት መልሶ ባሌስትራውን ይሰብራል፣ ባሌስትራው አክስሉን ያንሻፍፋል፣ አክስሉ ጎማውን ይበላል። ትርፍ የጫነው ባለንብረት ከራሱ ጎማ ላይ እየቀነሰ መኾኑን ቢያሰላው ኖሮ ሚዛን ጣቢያውን ባልሸሸው ነበር።

ጉዳቱ በእህል ላይ ብቻ አይቆምም። በዚያው በጉለሌ፣ በሸጎሌ የቁም እንስሳት ገበያ የሚራገፉ በሬዎችና በጎች በሚንቀጠቀጥ መኪና ላይ ቆመው ረዥም ሰዓት ይጓዛሉ። ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲታገል የዋለ በሬ ይደክማል፣ ይወድቃል፣ ይረጋገጣል፤ ገበያ ሲደርስ የሥጋው ክብደትና የቆዳው ጥራት ይቀንሳል። ነጋዴው ጉድለቱን በዋጋ ያስተካክላል፤ ዋጋው የሚወርደው በአርቢው ላይ ነው። አርቢው ግን በሬው ለምን ረከሰ ብሎ ሲጠይቅ "ገበያው ነው" ከሚል መልስ ሌላ አያገኝም። አሞርዛቶር የሚባል ነገር በውሉ ውስጥ የለም።

ጎማ ከተገጠመ በኋላ ያለው አንድ ጥንቃቄም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቸርኬው በቦታው ተስተካክሎ ሳይቀመጥ ዳዶዎቹ በተርታ ከተጠበቁ ጎማው ዘሞ ይታሠራል፤ በዚያው ቀን ንዝረት ይጀምራል፤ "አዲሱ ጎማ ብልሹ ነው" ይባላል። ዳዶ በተቃራኒ እየተሻገሩ፣ በደረጃ ነው የሚጠበቀው። ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ደግሞ እንደገና ይጠበቃል፤ ቀለምና ዝገት ሲጨፈለቅ ዳዶው ይላላልና። ጉለሌ ላይ ጎማ ቀይሮ ወደ ጎጃም የሚመለስ መኪና ይህ ርቀት የሚሞላለት ፍቼ አካባቢ ወይም ገብረ ጉራቻ ሲደርስ ነው፤ ወደ አባይ ከመውረዱ በፊት። በዳዶው ዙሪያ ከቸርኬው ላይ የሚወርድ የዝገት መስመር ከታየ ደግሞ ልቅ መኾኑን ብረቱ ራሱ ተናግሯል።

ባለንብረቶች ማኅበራት ለዚህ ሥራ ትልቅ መዋዕለ ንዋይ አያስፈልጋቸውም። ለከባድ መኪና የሚኾን የአላይመንት መሣሪያ ውድ ነው፤ ለአንድ ባለንብረት የማይታሰብ ቢኾንም ለአንድ ማኅበር ግን የሚታሰብ ነው። መሣሪያው እስኪመጣ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ የአየር መለኪያ፣ አንድ የ10 ሜትር ሜትር፣ አንድ የጥርስ ጥልቀት መለኪያና አንድ ደብተር ይበቃል። በደብተሩ ላይ የሚጻፈው የጎማው መለያ ቁጥር፣ የተገጠመበት ቦታና ቀን፣ በየሁለት ሳምንቱ የተለካው ጥልቀት ነው። ጎማ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲዛወር ታሪኩ አብሮት ይዛወራል፤ በአንድ ቦታ ላይ የገቡ ሦስት ጎማዎች በየተራ በአንድ ጠርዝ ካለቁ ደግሞ ጥፋቱ የቦታው መኾኑን ማንም ማንበብ ይችላል። የተጎዱ ጎማዎችን ከመጣል በፊት ፎቶ ማንሣትም ወጪ የለውም፤ በዚህ ዘመን ስልክ የሌለው ረዳት የለም።

የመኸር ምርት ተወቅቶ ወደ ገበያ የሚወጣበት ወቅት ሲመጣ ይኸው መስመር በእህል ጭነት ይጨናነቃል። ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ማዳበሪያ ወደየወረዳው ይጓጓዛል፤ ያኔ አንድ መኪና በጎማ ምክንያት ለሁለት ቀን መንገድ ዳር ቢቆም የሚዘገየው ጭነቱ ብቻ አይደለም፤ ዘር የሚዘራበት ቀንም ያልፋል። ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ የሚወጣ መኪና ከመነሣቱ በፊት፣ ፀሐይ ጎማውን ሳትመታው፣ 22ቱን ጎማዎች መለካት ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ 22 ደቂቃ ነው። ከሁሉም የሚያስቸግረው ከጥንዱ የውስጠኛው ነው፤ የአየር መሙያው አፍ እጅ ስለማያስገባ ብዙዎች ውጨኛውን ለክተው ያልፉታል። ረዘም ያለች የጎማ ቱቦ ማስቀጠያ ብትገጠምለት ይደረስበታል።